ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ፦ ባለቤት ያጣ መሻገሪያ

አገር ሰላም ውሎ በሚያድርበት ዓመት፣ መስከረም ጠብቶ ትምህርት በተከፈተ ሰሞን፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ወደ አዴት የሚያስገቡት የእግር መንገዶች በተማሪ ይሞላሉ። አዴት የጎጃሟ ይልማና ዴንሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከየቀበሌው የሚመጡት ልጆች ባዶ እጃቸውን አይደሉም። አንዱ የማዳበሪያ ጆንያ በትከሻው ጥሏል፤ አንዷ አገልግል አዝላለች፤ ሌላዋ ለወጥ የሚሆን ዘይት በሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች። ጆንያው ሲፈታ የሳምንት ስንቅ ይወጣል፦ በጨርቅ የተጠቀለለ እንጀራ፣ ድርቆሽ፣ በሶ፣ የሽምብራ ቆሎ፣ በፌስታል የታሰረ ሽሮና በርበሬ። ደብተሩ ከሁሉም በታች ነው፤ ዝናብ እንዳያገኘው በላስቲክ ተጠቅልሏል።

ከመካከላቸው የ9ኛ ክፍል ተማሪዎቹ ወዲያው ይለያሉ። እስከ ሰኔ ድረስ ትምህርት ቤታቸው እዚያው ቀበሌያቸው ውስጥ ነበር፤ ጠዋት ከብት አውጥተው ክፍል ይገባሉ፣ ከሰዓት ወጥተው ለእናታቸው ውኃ ይቀዳሉ። ሁለተኛ ደረጃ ያለው ግን ወረዳው ከተማ ነው። በእግር ሁለት ሦስት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ በየቀኑ ደርሶ መልስ አይሞከርም። ስለዚህ የ14 እና የ15 ዓመት ልጅ ቤት ተከራይ ይሆናል።

ቤቱ ብዙውን ጊዜ ከአከራይዋ ጓሮ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል ናት፤ ሦስትም አራትም ሆነው ይከራዩዋታል። ግድግዳው ላይ ጋዜጣ ተለጥፏል፤ በአንድ ጥግ መደብ፣ በሌላው ጥግ የከሰል ምድጃና ቢጫ ጀሪካን። መብራት አለ፤ ግን ቆጣሪው የጋራ ስለሆነ አከራይዋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ያጠፉታል። እንጀራው እስከ ረቡዕ ይቆያል። ሐሙስ ጫፍ ጫፉ ይሻግታል፤ የሻገተው ተቆርሶ ይጣልና ቀሪው በሽሮ ፍትፍት ይሆናል። ዓርብ በቆሎና በበሶ ይዋላል። ውኃ የሚቀዳ፣ ከሰል የሚያያይዝ፣ ወጥ የሚሠራ፣ የቤት ሥራ የሚሠራ ያው ልጅ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ባዶውን አገልግል ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ እሁድ ከሰዓት መንገዱ እንደገና ይጀመራል።

ይህ ኑሮ ለሰሜን ኢትዮጵያ አንባቢ አዲስ ወሬ አይደለም። ዛሬ ሐኪምና መሐንዲስ የሆነው ብዙ ሰው በዚሁ መንገድ አልፏል፤ ሲያወራውም ደስ እያለው ነው። ያላለፈው ግን አያወራም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው፦ በሰኔ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪን አልፎ፣ በነሐሴ ካርዱን ተቀብሎ፣ በመስከረም ተመዝግቦ፣ በኅዳር ወይም በጥር ከስም ጥሪው ላይ የጠፋው ልጅ። የቀድሞ ትምህርት ቤቱ አሳልፎ ሸኝቶታል፤ ሥራው አልቋል። አዲሱ ትምህርት ቤት ገና መልኩን አልለየውም። በሁለቱ መካከል ልጁ የማንም አይደለም።

የሁለቱ ደረጃዎች አለመመጣጠን ከቁጥሩ ይጀምራል። በአገሪቱ ያሉት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ገደማ ከ35 ሺህ በላይ ሲሆኑ ሁለተኛ ደረጃዎቹ ግን አራት ሺህ አይሞሉም ነበር። በግርድፉ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠኝና የአሥር ትምህርት ቤቶችን ልጆች ይቀበላል ማለት ነው። ላለፉት ሦስት አሥርት ዓመታት ትምህርት ወደ ገጠር ሲስፋፋ መጀመሪያ የተሠራው የታችኛው ደረጃ ነው፤ ይህም ትክክል ነበር። ቀጣዩ ደረጃ ግን በዚያው ፍጥነት አልተከተለም።

ሥርዓቱም ተለዋውጧል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ያለውን አንድ ላይ አድርጎ የመጀመሪያ ደረጃ አለው፤ 9ኛና 10ኛ አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ ሆኑ። አሁን ያለው አደረጃጀት ወደ ቀድሞው ስድስት፣ ሁለት፣ አራት ተመልሷል፦ 6ኛ ላይ አንድ ፈተና፣ 8ኛ ላይ ሌላ ፈተና፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ ወጥ ሁለተኛ ደረጃ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናም ቀርቷል። ለተማሪ ጭንቀት መቀነሱ መልካም ነው። ነገር ግን 9ኛ ክፍል ላይ የወደቀ ልጅ መውደቁን የሚያሳይ አገር አቀፍ ሚዛን እስከ 12ኛ ድረስ የለም ማለትም ነው። ክፍል እየተዛወረ አራት ዓመት በዝምታ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ውጤቱን አይተነዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ፣ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በዓመቱ 3.2 በመቶ፣ ከዚያ 5.4፣ ከዚያ 8.4። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ሲነጋገር ነበር፤ ስለ ፈተናው ክብደት፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ባዶ መሆን። እነዚያ የ2014 ተፈታኞች ግን የ10ኛ ክፍል ፈተና ሳይፈተኑ ያለፉ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ናቸው፤ በ2012 ደግሞ በኮሮና ምክንያት ከመጋቢት ጀምሮ ትምህርት ቤት ተዘግቶባቸዋል። ከ9ኛ ክፍል ይዘውት የወጡት ክፍተት ማንም ሳያየው አብሯቸው 12ኛ ደርሷል። የውጤቱ መንስኤ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ጥያቄው መጀመር የነበረበት ከ9ኛ ክፍል በር ነው ባይ ነኝ።

በሩ ላይ ልጁን የሚጠብቀው ቋንቋ ነው። የ9ኛ ክፍል ማስተማሪያ ቋንቋ በመላ አገሪቱ እንግሊዝኛ ነው። ከዚያ በፊት ያለው እንደየክልሉ ይለያያል፦ አዲስ አበባ 7ኛ ላይ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ በአፍ መፍቻ ቋንቋ ያስተምራሉ። በሰኔ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ያስብ የነበረ ልጅ በመስከረም ሒሳቡንም፣ ፊዚክሱንም፣ ታሪኩንም በእንግሊዝኛ እንዲያስብ ይጠየቃል።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። የአንድ ገበሬ ማሳ ርዝመቱ የወርዱን ሦስት እጥፍ ነው፤ ዙሪያው 240 ሜትር ቢሆን ስፋቱ ስንት ነው? ጥማድ ሲቆጠር ሰምቶ ያደገ የገበሬ ልጅ ይህን በአማርኛ ስትጠይቁት ብዙ አይቸገርም። ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 90፣ ስፋቱ 2,700 ካሬ ሜትር ይላችኋል። ያንኑ ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሰሌዳ ላይ ጻፉለት። ሬክታንጉላር፣ ዊድዝ፣ ፔሪሜትር፣ ኤሪያ። ዓይኑ ቁጥሩን ፈልጎ 240 እና ሦስት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ ወይ ያባዛቸዋል ወይ ያካፍላቸዋል። ስሌቱ አልጠፋበትም፤ ምን እንደተጠየቀ ነው ያላወቀው። የ9ኛ ክፍል መምህራን በመጀመሪያው ወር ከተማሪ የሚሰሙት ቅሬታም ይኸው ነው። ብዙዎቹ መምህራን መውጫውን አግኝተውታል፦ ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ይጽፋሉ፣ አፋቸው በአማርኛ ያስረዳል። ሱፐርቪዥን ሲመጣ ብቻ ሁሉም እንግሊዝኛ ይሆናል። ይህን ከማስተማር ድክመት የሚቆጥር አለ። እኔ ልጁን ላለመጣል የሚደረግ ጥረት አድርጌ ነው የማየው፤ ጥፋቱ ፈተናው በሌላ ቋንቋ መምጣቱ ላይ ነው።

ጉዳዩ ሳይጠና ቀርቶም አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ያስጠናው፣ ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2006 ያካሄዱት ጥናት ስምንት ዓመት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። የአፍ መፍቻ ቋንቋውን ማሳጠር መፍትሔ እንዳልሆነም መክሯል። ስለዚህ እንግሊዝኛውን ወደ ታች ማውረድ አይደለም የሚያስፈልገው፤ ከ8ኛ ወደ 9ኛ ሲሻገር ልጁን የሚያለማምድ ጊዜና መጽሐፍ ነው። ያ እስካሁን በወጉ አልተሠራም።

በተቃራኒው የተደረገ አንድ ነገር አለ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ ፕላዝማ የሚባለው የሳተላይት ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ተተከለ። ትምህርቱ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ይፈስሳል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ይጠብቃል፣ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ሰባው ተማሪ ደብተሩን ሳይገልጥ ርዕሱ ያልቃል። መምህሩ ለማስረዳት የሚቀሩት ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በዚያ ዘመን 9ኛ ክፍል የገባ ሰው ዛሬም ሲያስታውሰው ፍጥነቱን ነው የሚያነሣው። አብዛኞቹ ስክሪኖች ዛሬ አቧራ ለብሰዋል፤ ትምህርቱ ልጁ ካለበት ይነሣ የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ቀርቷል።

የትምህርቱ ብዛትም አለ። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 7ኛና 8ኛ ላይ አጠቃላይ ሳይንስ አንድ ትምህርት ነው፤ 9ኛ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ሆኖ ይከፈላል። የኅብረተሰብ ትምህርቱም እንዲሁ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይሆናል። አንድ መጽሐፍ የነበረው ሦስት፣ አንድ መምህር የነበረው ሦስት። የ9ኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፍ ርዕስ «ተጨማሪ ስለ ስብስብ» እንደማለት ነው፤ መጽሐፉ የስብስብን መሠረት ልጁ ያውቀዋል ብሎ ነው የሚነሣው። ቀበሌው ውስጥ የሒሳብ መምህር ሳይኖር ያለፈ መንፈቅ እንደነበረ መጽሐፉ ከየት ያውቃል? የሚያውቀው የ8ኛ ክፍል መምህሩ ነው፤ እሱን የጠየቀው የለም።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስንቅ ተሸክሞ የሚጓዝ የለም። የከተማው የምገባ መርሐ ግብር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከቅድመ አንደኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉትን ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። ልጁ 9ኛ ሲገባ ግን ማዕዱ ይቀርበታል። በሰኔ ትምህርት ቤት ይበላ የነበረው ልጅ በመስከረም ምሳ ዕቃ ይዞ መሄድ አለበት፤ የሚያስይዘው ቤተሰብ ከሌለ ባዶ ሆዱን ይውላል። ስድስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠረጴዛው ላይ የተደፋውን ልጅ መምህሩ ሰነፍ ይለዋል።

ሴት ልጅ ላይ ሲመጣ መሻገሪያው ይከብዳል። ከተማ ቤት ተከራይታ ልትኖር ነው የተባለች ልጅ ወላጆች የሚፈሩት የታወቀ ነው፤ መንገዱን ይፈራሉ፣ አከራዩን ይፈራሉ፣ የሰፈሩን አፍ ይፈራሉ። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። ጉዳዩን የሚያባብሰው የቀን መቁጠሪያው ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ የሚያልቀው በጥር ነው። ጥር ደግሞ የሰርግ ወር ነው፤ ከጥምቀት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ ባለው ጊዜ ገጠሩ ይደግሳል። የመንፈቁ ውጤቷ ዝቅ ያለባት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ለዕረፍት ወደ ቤቷ ስትመለስ ሽማግሌ ቀድሟት ደርሶ ሊሆን ይችላል። «ትምህርቱም አልሆነላት» የሚለው ቃል ለመዳር በቂ ምክንያት ይሆናል። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላል፤ ሕጉን የሚያስከብረው ግን ልጅቷ ከክፍል መቅረቷን ያስተዋለ ሰው ነው።

እዚያው ይልማና ዴንሳ ውስጥ፣ ሞሰቦ ላይ፣ ይህን የተመለከተ ትልቅ ትምህርት ተገኝቷል። ብርሃነ ሔዋን የተባለው ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በፖፑሌሽን ካውንስልና በክልሉ የወጣቶችና ስፖርት ቢሮ ሲካሄድ ለልጃገረዶቹ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፤ በቡድን የሚያገኟቸው ሴት አማካሪዎች መደበ፤ ከወላጆች ጋር ውይይት ከፈተ፤ ልጃቸውን በፕሮግራሙ ዘመን ላልዳሩ ቤተሰቦች መጨረሻ ላይ የቤት እንስሳ ሰጠ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጆች ፕሮግራሙ ካልደረሰበት አካባቢ ጋር ሲነጻጸሩ ለጋብቻ ያላቸው ተጋላጭነት ወደ አንድ አሥረኛ ወረደ፤ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸውም ሦስት እጥፍ ሆነ። ብዙ ጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ያለው ነው። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ላይ ግን ጋብቻው ካልተካተተው አካባቢ በልጦ ተገኘ። ጥበቃው የላላው ልጅ 9ኛ ክፍል በምትገባበት ዕድሜ ላይ ነው። በኋላ በተደረገ ሙከራ ደግሞ ከ15 እስከ 17 ዓመት ላሉት በየዓመቱ ሁለት ዶሮ የተሰጠባቸው መንደሮች ላይ ጋብቻው በግማሽ ቀነሰ። ሁለት ዶሮ! ለመሻገሪያው የሚያስፈልገው ገንዘብ የማይገኝ ገንዘብ አይደለም።

ወንዶቹም የራሳቸው ፈተና አላቸው። ትምህርት በሚከፈትበት በመስከረምና በጥቅምት የመተማና የሁመራ ሰሊጥ ይደርሳል። የቤት ኪራይ የሚከፍልለት ያጣ ልጅ «ሠርቼ እመለሳለሁ» ብሎ ወደ ቆላ ይወርዳል። የሚመለሰው በኅዳር ነው፤ ያውም ወባ ካልያዘው። ሲመለስ ሁለት ወር ትምህርት አምልጦታል፣ ስሙም ከዝርዝሩ ተሰርዟል። ሴቶቹን የሚጠራው ደግሞ ዓረብ ሀገር ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱትን 8ኛ ክፍል እንዲያጠናቅቁ ይጠይቅ ነበር። ዓላማው እነሱን ለመጠበቅ ነበር፤ ደላላው ግን የ8ኛ ክፍል ካርድን እንደ ጉዞ ሰነድ እንዲቆጥረው በር ከፍቶለታል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጦርነቱ አለ። ትግራይ ውስጥ፣ ቀጥሎም አማራ ክልል ውስጥ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ቤት ውለዋል። በ13 ዓመቱ 8ኛ መግባት የነበረበት ልጅ በ16 እና በ17 ዓመቱ ይመለሳል፤ ጺሙ ወጥቶ፣ ማረሻ ይዞ ከርሞ። እሱን ከታናሾቹ ጋር አስቀምጦ እንዳልተለወጠ መቁጠር አይቻልም።

ምን ይደረግ? መልሱ አዲስ ሕንፃ ብቻ አይደለም፤ ምንም እንኳ በየወረዳው ለሴት ተማሪዎች ማደሪያ መሥራት እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ቢሆንም። በእጃችን ያለ ጊዜ አለ፤ ክረምቱ። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ያሉት ሳምንታት የ8ኛ ክፍል ተማሪ ውጤት የሚጠብቅባቸው ባዶ ሳምንታት ናቸው። በዚያው ክረምት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ወደየቀያቸው ገብተው የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ። አሁን የሚሰጡት ያገኙትን ነው፤ ከ1ኛ እስከ 12ኛ የመጣውን ሁሉ። ይልቅ ከፊሉ ጉልበት ለአንድ ነገር ይዋል፦ 9ኛ ለሚገቡት የሒሳብና የሳይንስ ቃላት በሁለት ቋንቋ፣ ያ የማሳው ጥያቄ መጀመሪያ በአማርኛ ቀጥሎ በእንግሊዝኛ፣ በቀን ሁለት ሰዓት። ለዚህ የሚበቃ ቀጭን መጽሐፍ አንድ የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት አምስት መምህራንን ሰብስቦ ሊያዘጋጀው ይችላል።

ሁለተኛው ርክክብ ነው። ዛሬ ከቀበሌው ወደ ከተማው የሚሄደው ካርድና መሸኛ ነው፤ ውጤት፣ ዕድሜ፣ ጠባይ «በጣም ጥሩ»። የ8ኛ ክፍል ስም ጠሪ መምህርና የ9ኛው ስም ጠሪ በጳጉሜን አንድ ቀን ተቀምጠው ቢነጋገሩ ካርዱ የማይለው ይወጣል፦ ይቺ ልጅ ባለፈው ዓመት ታጭታ ነበር፤ ይሄ ልጅ ዓይኑ ስለሚደክም ፊት ይቀመጥ፤ ከዚያኛው ቀበሌ የመጡት የፊዚክስ ክፍሉን አልተማሩትም። ለዚህ የሚያስፈልገው የትራንስፖርት አበልና ትእዛዝ ነው።

የከተማው ትምህርት ቤትም የሚሠራው አለው። ለአዲስ ገቢዎች የተሻለውን መምህር ይመድብ፤ ብዙ ቦታ ላይ ልምድ ያለው መምህር 12ኛን ሲይዝ 9ኛ ለጀማሪ ይተዋል፤ ይህ መገልበጥ አለበት። ተከራይተው የሚኖሩትን ይመዝግብ፤ የት ሰፈር፣ ከማን ጋር፣ አከራይዋ ማን እንደሆኑ ይወቅ። ከአንድ ቀበሌ የመጡ የ10ኛና የ11ኛ ተማሪዎችን ከአዲሶቹ ጋር ያገናኝ፤ አንድ ለአምስት ይባል የነበረው አደረጃጀት ከስብሰባ ይልቅ ለዚህ ቢውል ኖሮ ብዙ ይጠቅም ነበር።

ከሁሉም በላይ ግን የጥርን ሳምንት የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ሁለተኛው መንፈቅ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ስም ጠሪው መምህር የቀሩትን ዝርዝር ለዩኒት ሊደሩ ይስጥ፤ ዩኒት ሊደሩ ለየቀበሌው ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይደውል፤ ከኅብረቱ አንድ ሰው፣ ቢቻል ሴት፣ ዓርብ ሳይደርስ ወደ ልጅቷ ቤት ትሂድ። ሽማግሌ ቢቀመጥም ቃል ሳይታሰር ሊደረስ ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የድግሱ ጠላ ተጠምቋል።